አንድ ስንዝር

እትዬ አንጓች መጡ ደወል ሳይደወል፣
እንዳረፈደ ልጅ ቆሙ በበሩ መሐል።
«መምህር፣ ማስተዋል ልትሄድ ነው፣ ትምህርት አግኝታ፤
ሴኡል ስንት ቀን ነው? የት ታድራለች ማታ?»

አባታቸው በቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ አገር የሚለኩት በማደሪያ፣
አንድ አዳር ለቁልቁለቱ፣ አንድ ለወንዙ መሻገሪያ፣
አንድ ለዳገቱ፤ ከዘነበ ደግሞ አንድ ጭማሪ፣ ለበቅሎዎቹ ማረፊያ።

ሉሉን አወረድኩት፣ ዋልታው የተሰነጠቀ፣
ሶቭየት ኅብረት በላዩ ገና ያልወደቀ።
ከጆንያ አፍ ክር መዝዤ አንድ ጫፉን ደጀን ላይ
(ደጀንን አልጻፏትም፤ ነጥቧን የጣልኩላት እኔ ነኝ፣ ለልጆቹ እንድትታይ)
ሌላውን ሳብኩ፣ በየመን፣ በሂማላያ፣ በቻይና ሰማይ።
ክሩን በማስመሪያ ለካሁ፣ በመስፈርቱ አባዛሁ፣
«ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል» ብዬ አስረዳሁ፤
«ግን አውሮፕላን ነውና አሥራ አንድ ሰዓት ይበራል፤
ማደሪያ አይፈለግም፣ ወንበሩ ላይ ይታደራል።»

እትዬ አንጓች ዝም አሉ። ዘጠኝ ሺህ አልገባቸውም።
እኔም ብሆን አስተምረዋለሁ እንጂ፣ ዘጠኝ ሺህን አላውቅም።
ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፉ ንቃቃት፣ ጥፍሩ አጭር፣
አውራ ጣት ከደጀን፣ ትንሿ ጣት ከሴኡል፤ ልክ አንድ ስንዝር።
«ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። «ይኸማ ቃሪያ ስተክል
በግንድና በግንድ መሐል የምተወው አፈር!»

ማክሰኞ ተነሣች፣ ንጋት አሥራ አንድ፣
ጃኬቱ የወንድሟ፣ ሻንጣው በሲባጎ የታሰረ፣ በአባይ በረሃ መንገድ።
ከድልድዩ ወዲህ፣ እጥፋቱ ጋ፣
ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ ቁልቁለቱን ዘጋ።
ሦስት ሰዓት ሆነ። ስድስት። ስምንት።
ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ፤ ጡሩምባ፣ የጎማ ሽታ፣ ሙቀት።

እናት ከገደሉ አፋፍ፣ ከጭላዳው መንጋ ጋራ፣
ስልኩን ከጆሮ አጣብቀው፣ ቁልቁል ዐይናቸው ሲያጣራ፣
«እማ፣ ደጀን ይታየኛል፤ የደብሩ ቆርቆሮ ሲያበራ።»
«አንቺ የቱ ነሽ?» «ሰማያዊው።» «ሰማያዊውማ ሁለት ነው።»
«የኋለኛው።» «ታዲያ ነጠላዬን ላውለብልበው?»
አውለበለቡት። አየችው፣ አላየችው፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ይኼን ጎድጓዳ ሉሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት በኋላ፤
በጥፍሬ ዳበስኩት፤ ልሙጥ ነው፣ እንደ እንቁላል ገላ።
መንገዱ የተከፈተ ከቀኑ አሥር ላይ ነው፤
ከተነሣችበት እስከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ቆጠርኩ፣
ሴኡል በሚደረስበት ልክ። በትምህርቴ አፈርኩ።

ረቡዕ ጧት አራት ሰዓት፣ «ገባሁ፣» አለች፣ «እማ፤ እዚህ ሊመሽ ነው።»
እትዬ አንጓች ፀሐይዋን አዩ፤ እኔን አዩ፤ «ይኸ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»
ስለ ምድር መዞር፣ ስለ ኬንትሮስ፣ በባትሪ መብራት አሳየኋቸው፤
በትዕግሥት ሰሙኝ፣ እንደ ትንሽ ልጅ፤ የራሳቸው መልስ ግን ነበራቸው፦
«እንግዲያ ረቡዕን ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት፤
መራራ ከሆነ ትነግረኛለች፣ እኔ ሳልውጠው በፊት።»

ትናንት ዘጠነኛ ቢ ሉሉን ከበው ደጀንን ፈለጉ፣ አጧት።
ነጥቧ ላይ የአውራ ጣት ወዝ፣ የቃሪያ መደብ አፈር ያለበት፣
ከሱዳን እስከ ኬንያ ተኝቶባታል።
«መምህር፣ ልጥረገው?» አለ አለልኝ፣ ዳስተር ይዞ ቀርቧል።

«ተወው። ደብተር አውጡ። ጥያቄ አንድ፦
ከደጀን ጎሃ ጽዮን ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ክር አይፈቀድ።»